ጎንደር ላይ ለዳገትና ለማጥ የሚሆን አሮጌ ፎር ዊል፦ ሀርድቶፕ፣ ፓትሮል ወይስ ሀይሉክስ?

የአዘዞ ተጓዥ

ሰላም ለሁላችሁ። አሮጌ ፎር ዊል ገዝቼ ለአስቸጋሪ መንገድ ላበጀው አስቤያለሁ። መኪናው የሚያድረው ጎንደር ነው። የሚሄድበት ደግሞ ከደባርቅ በሳንቃበርና በጨነቅ አድርጎ ወደ ጃን አሞራ፣ በሊማሊሞ ወደ ዛሪማ ወርዶ መመለስ፣ በበጋ በለሳ፣ በክረምት ደምቢያ ገጠሩ ድረስ፣ አንዳንዴም መተማ ነው። ሁለት ሰው፣ ድንኳን፣ ውሃና ትርፍ ናፍጣ ይጫናል።

በዋጋ የሚቀራረቡ ሦስት መኪኖች ቀርበውልኛል።

1ኛ፦ ሀርድቶፕ ላንድክሩዘር ኤችዜድጄ75፣ የ1993 ሞዴል፣ 1ኤችዜድ ሞተር። ሲነሳ ደህና ነው። ከግራው የፊት ጎማ ጀርባ ግን ጥቁር ዝቃጭ ያንጠባጥባል።

2ኛ፦ ፓትሮል ዋይ60፣ የ1995 ሞዴል፣ ቲዲ42 ናፍጣ። ቀለሙ አዲስ ነው። ፍጥነቱ 70 ሲያልፍ መሪው ይንቀጠቀጣል።

3ኛ፦ ሀይሉክስ ደብል ጋቢና ኤልኤን106፣ የ1996 ሞዴል፣ 3ኤል ሞተር። ለዓይን ከሦስቱ ንጹሑ እሱ ነው። ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) አንዴ ተከፍቶ እንደነበር ባለቤቱ ተናግሯል።

የትኛው ይሻላል? ሲታይስ ምኑ ይታያል? በተጨማሪ ቱርቦ ግጠምለት፣ የኋላ ዲፈረንሻሉን (ኃይሉን ለሁለቱ ጎማዎች የሚያካፍለውን ማርሽ) አስበይደው፣ 10 ሳ.ሜ. አስነሳው፣ 35 ኢንች ጎማ አድርግለት የሚሉኝ አሉ። ልስማቸው?

ባለባሌስትራ

ወንድሜ፣ ከሞዴሉ በፊት ሻንሲውን (መኪናው የተቀመጠበትን የብረት አጽም) እና አክስሉን (ግራና ቀኝ ጎማውን የሚያያይዘውን) ምረጥ። ሞተር ወርዶ ይሠራል፣ ካምቢዮም ተቀይሮ ይገጠማል። የተጣመመ ሻንሲ ግን ገንዘብህን ከበላ በኋላም አይቃናም። እንደ ድሮው አሮጌ መኪና ከውጭ አስመጣለሁ የሚባልበት ጊዜም አልፏል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባረጁት ላይ ከባድ ግብር ጣለ፤ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ማስገባቱ ተከለከለ። ስለዚህ ምርጫህ አገር ውስጥ ካለው ነው፤ አገር ውስጥ ያለው ሁሉ ደግሞ ብዙ እጅ ነካክቶታል።

ለማየት ስትሄድ ባለቤቱ መኪናውን እንዳያጥበውና ቀድሞ እንዳያስነሳው አስቀድመህ ንገረው። ታጥቦ የጠበቀ ሞተር የሚያንጠባጥበውን ቦታ አያሳይህም፤ ሞቆ የጠበቀም ጠዋት እንዴት እንደሚነሳ አይነግርህም። ስትደርስ በመጀመሪያ ሞተሩን በእጅህ ዳስሰው። ከሞቀ በሌላ ቀን ተመለስ።

ከዚያ ባትሪና የሽቦ ብሩሽ ይዘህ ከሥር ግባ። የመሪው ሳጥን በሻንሲው ላይ የታሰረበትን ቦታ በብሩሽ ፈግፍገህ እይ። ባሌስትራ (በተደራረበ የብረት ቅጠል የተሠራ ስፕሪንግ) ባላቸው ቶዮታዎች ትልቅ ጎማ ተደርጎ ሲነዱ መጀመሪያ የሚሰነጠቀው እዚያ ነው። ስንጥቁ በአቧራው ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ቡናማ መስመር ሆኖ ከቡሎን ቀዳዳ ወይም ከብየዳ ጠርዝ ይጀምራል። የባሌስትራ መያዣዎቹንም አራቱንም ጎን እንዲሁ እይ። ላሜራ ተደርቦ የተበየደበት ካገኘህ ምን ሊሸፍን እንደተደረበ ጠይቅ። በመጨረሻም በገመድ ለካ፦ ከፊት ግራ የባሌስትራ ቡሎን እስከ ኋላ ቀኝ፣ ከፊት ቀኝ እስከ ኋላ ግራ። ሁለቱ ልኬቶች ከ1 ሳ.ሜ. በላይ ከተለያዩ ያ መኪና ተገልብጧል ወይም ተጋጭቷል፤ ተወው። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር ሳታመሳክር ቀብድ አትስጥ።

ሞተር ላይ ስትመጣ፦ ካስነሳኸው በኋላ የዘይት መሙያ ክዳኑን ፈተህ እዚያው ላይ አስቀምጠው። ትንሽ ቢንቀጠቀጥ ምንም አይደለም። እየዘለለ ከወደቀና ጭስ እንደ ቧንቧ ከተፋ ፋሻው (የፒስቶኑ ቀለበት) አልቋል። 1ኤችዜድ 4,164 ሲሲ፣ ስድስት ሲሊንደር፣ ቱርቦ የሌለው፣ ኤሌክትሮኒክስ የማያውቅ ሞተር ነው፤ ለዚህ አገር የተመቸ። አንድ ዕዳ አለበት፣ የታይሚንግ ችንጋው (ቫልቮላዎቹ ጊዜያቸውን ጠብቀው እንዲከፈቱ የሚያደርገው ቀበቶ)። በ100,000 ኪ.ሜ. ይቀየራል። ከተበጠሰ ቫልቮላው ከፒስቶኑ ይጋጫል። ዳሽቦርዱ ላይ የችንጋው መብራት አለመብራቱ ማስረጃ አይሆንም፤ ሰው አጥፍቶት ይሆናል። መቼ እንደተቀየረ በወረቀት ካልቀረበልህ እንዳለቀ ቁጠረውና ከመወጠሪያው ጋር ቀይር። 3ኤልም ችንጋ ነው፤ ለሀይሉክሱም ይኸው ይሠራል።

አሁን ጋራዥ ብዙም ወደማይነግርህ ነገር ልምጣ፤ የራዲያተር ክዳን። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፣ ውሃ 93 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ከጨነቅ አልፎ መንገዱ በቧሂት በኩል 4,200 ሜትር አካባቢ ይወጣል፤ እዚያ ውሃ የሚፈላው 86 ዲግሪ ላይ ነው። የሞተሩ ቴርሞስታት የሚከፈተው 80 ዲግሪ አካባቢ ነው። በመካከላቸው ያለው ጥቂት ዲግሪ ብቻ መሆኑን ልብ በል። ውሃው ሳይፈላ ከ100 በላይ እንዲቆይ የሚያደርገው ክዳኑ የሚይዘው 0.9 ባር ግፊት ነው። የክዳኑ ጎማ ከደረቀ ወይም ስፕሪንጉ ከደከመ ጎንደር ከተማ ውስጥ ምንም ሳይሰማው የከረመ መኪና ቧሂት ዳገት ላይ ውሃ ይተፋል፤ ከዚያ ቴስታታ ይጣመማል። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ክዳኑን አውጥተህ የጎማውን ጠርዝ በጥፍርህ ተጫነው፤ ከተሰነጠቀ ወይም እንደ ፕላስቲክ ከጠነከረ ጣለው። በቀላል ዋጋ የሚገኝ ዕቃ ነው፤ የትኛውንም ብትገዛ በመጀመሪያ እሱን ቀይር።

ስለ ቱርቦው፦ የሚሉህ ሰዎች ምክንያት አላቸው። ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ጎንደር ላይ አየሩን በአንድ አምስተኛ ገደማ ያጣል፣ ቧሂት ላይ ከሲሶ በላይ። ችግሩ አገጣጠሙ ነው። ቱርቦ ገጥሞ የናፍጣውን ፖምፓ ብዙ ናፍጣ እንዲሰጥ ሲከፍቱት የጭስ ማውጫው ሙቀት ሳይታወቅ ያሻቅብና የ1ኤችዜድ ቴስታታ ማቃጠያ ክፍሉ አጠገብ ይሰነጠቃል። የጭስ ሙቀት ጌጅ ሳይኖር አይገጠምም። ከተገጠመም ግፊቱ ከ0.5 ባር አይለፍ። በበኩሌ ገንዘቡን ለፍሬንና ለማቀዝቀዣው አውለው እላለሁ፤ ዳገቱን በዝቅተኛው ማርሽ ቀስ ብሎ ይወጣዋል።

ዲፈረንሻል ማስበየዱን ግን በፍጹም አትስማ። የተበየደ ዲፈረንሻል ሁለቱን የኋላ ጎማዎች እኩል እንዲሽከረከሩ ያስገድዳል። ሊማሊሞ ላይ እንደዚያ በተጠማዘዘ መታጠፊያ አንዱ ጎማ መንሸራተት ግድ ይሆንበታል፤ እርጥብ ከሆነ መኪናው ወደ ገደሉ ይገፋል፣ ደረቅ ከሆነ ሰሚያሱ (ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ) ይቆረጣል።

ቆላና ደጋ

ባለባሌስትራ ያለው ትክክል ነው፤ ፓትሮሉ ግን ሳይታይ እንዳይጣል። ቲዲ42 የታይሚንግ ችንጋ የለውም፣ በጥርስ ማርሽ ነው የሚሠራው፤ ስለዚህ ከላይ የተባለው ፍርሃት እሱን አይመለከተውም። ከፊትም ከኋላም ድፍን አክስል በሞላ ስፕሪንግ ላይ ስለሆነ ድንጋይ ላይ ጎማው ከመሬት ቶሎ አይለቅም። ጨነቅን ካለፍክ በኋላ ላለው ድንጋያማ መንገድ ከሀርድቶፑ ባሌስትራ ይልቅ እሱ ይመቻል። ዕቃ ጭኖ ለመሄድ ደግሞ ባሌስትራው ይሻላል።

መንቀጥቀጡ ብዙ ጊዜ ከባድ በሽታ አይደለም፤ መድኃኒቱን ግን ሾክ አብዞርበር ላይ አትፈልገው። በቅደም ተከተል እንዲህ እየው። የፊት ጎማዎቹን ግራና ቀኝ ቀያይረህ ንዳው፤ መንቀጥቀጡ ከተለወጠ ጎማው ወይም ሚዛኑ ነው። ካልተለወጠ ሞተሩ እንደተነሳ አንድ ሰው መሪውን አጠር አጠር አድርጎ ግራ ቀኝ ያወዛውዝ፣ አንተ ከሥር ሆነህ አክስሉን ከሻንሲው ጋር በአግድም የሚያያዘውን ረጅም ዘንግ ተመልከት። ጫፉ ላይ ያለው የላስቲክ ጎሚኒ ውስጥ ቡሎኑ ሲንሸራተት ካየህ ጥፋተኛው እሱ ነው። ቀጥሎ ቴስቲናዎቹን (የመሪ ዘንጎቹን መጋጠሚያ) እይ። በመጨረሻ ጎማውን በክሪክ አንሳና ላይና ታች ይዘህ ነቅንቅ፤ ከተወዛወዘ ኩሽኔታው ነው፣ የጎማ ኩሽኔታ ወይም አክስሉ ጫፍ ላይ መሪው የሚዞርበት።

ደካማ ጎኑ መለዋወጫው ነው። ጎንደር ላይ የቶዮታ ዕቃ በየሱቁ ታገኛለህ፤ የፓትሮል ግን ከአዲስ አበባ፣ ከሶማሌ ተራ ማስመጣት ሊኖርብህ ነው። ስለዚህ ፓትሮል የሚገዛ ሰው ቀድሞ አንድ ሣጥን ይሙላ፦ የፍሪሲዮን ዲስክና ተጫኝ፣ የውሃ ፖምፓ፣ ሁለት ክሮቼራ (ኃይሉን ወደ አክስሉ የሚያደርሰው ካርዳን መጋጠሚያ)፣ የፊት ጎማ ኩሽኔታ አንድ ሙሉ ስብስብ፣ የናፍጣ ፊልትሮ ሦስት፣ የፍሬን ጎማ ቱቦዎች። ይህን ለማድረግ አቅም ከሌለህ ሀርድቶፑን ግዛ፤ ጃን አሞራ ላይ ብትበላሽ ሊፈታው የሚደፍር ሰው የምታገኘው ለእሱ ነው።

ሀይሉክሱ 2,779 ሲሲ ነው፤ ዕቃ ጭኖ ቧሂትን ሲወጣ ትግል ነው። ቀላል መሆኑ ግን ለደምቢያ ጭቃ ትልቅ ጥቅም ነው፤ የኤልኤን106 የፊት አክስል ድፍን መሆኑም ጥሩ ነው። ጥያቄው ቴስታታው ለምን ተከፈተ የሚለው ነው። በግፊት ተፈትሾ ነበር ወይስ ጋርኒሲዮን (ማሸጊያው) ብቻ ተቀይሮ ተዘጋ? ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ የራዲያተሩን ክዳን ክፈትና አስነሳው። ውሃው ውስጥ አረፋ ሳይቋረጥ ከመጣ ወይም ክዳኑ ተዘግቶ ለ10 ደቂቃ ከሠራ በኋላ የላይኛው ቱቦ እንደ ድንጋይ ከጠነከረ ቴስታታው አሁንም ተሰንጥቋል ወይም ጋርኒሲዮኑ ያሳልፋል።

ሌላ አንድ ነገር፦ ከጃፓን ገበያ የመጡ አንዳንድ አሮጌ ላንድክሩዘሮች 24 ቮልት ናቸው። ሁለት ባትሪ ካየህ በተከታታይ ነው ወይስ ጎን ለጎን የታሰሩት ብለህ እይ። የ24 ቮልት ሞተሪኖ (ሞተር ማስነሻ) እና ማሞቂያ ካንዴላ እንደልብ አይገኝም።

ጎማና ማጥ

ስለ ጎማው ልጨምር። 35 ኢንች ለሦስቱም አይሆንም። ቴስቲናውን፣ የፊት ሲቪ ጆይንቱን (መሪው ሲዞርም ለፊት ጎማው ኃይል የሚያደርሰውን መጋጠሚያ)፣ የመሪ ሳጥን ማሰሪያውን ይበላል፤ ማርሹም ይከብድበታል፣ ደጋ ላይ ጉልበቱ ቀድሞውንም ቀንሷል። 7.50 በ16 ወይም 235/85 በ16 ብታደርግ ይበቃሃል፤ ቁመታቸው ተቀራራቢ ነው፣ 32 ኢንች ገደማ። ካስፈለገ እስከ 33። ከፍታውም 5 ሳ.ሜ. ይብቃው። 10 ሳ.ሜ. ሲነሳ የፍሬን ቱቦው ይወጠራል፣ የካርዳኑ ማዕዘን ክሮቼራውን ይጨርሳል፣ የፊት አክስሉም ዘንበል ይልና መሪው ቀጥ ብሎ መሄድ እምቢ ይላል። ባሌስትራውን አንጥረኛ ጋ ወስዶ በመዶሻ ማጉበጥ ገንዘብ መጣል ነው፤ ብረቱ በሙቀት ስላልታከመ በጥቂት ወር ተመልሶ ይዘረጋል። አዲስ ቅጠል አስገባ፣ ዩ ቡሎኖቹንም አዲስ አድርግ፣ ከ500 ኪ.ሜ. በኋላ ድጋሚ አጥብቃቸው።

የሀርድቶፑ ቸርኬ ባለ ቀለበት ከሆነና ከመነዳሪ (የውስጥ ላስቲክ) ካለው ተጠንቀቅ። ጎሚስታ ሲነፋው ቀለበቱ ወደ መሬት ይዙር ወይም በሰንሰለት ይታሰር፤ በደንብ ያልገባ ቀለበት ሰው ይገድላል። አየር ስትቀንስም ገደብ አለው። ድንጋይ ላይ 28 ፒኤስአይ፣ ጭቃ ላይ 22 ድረስ። ከዚያ በታች ጎማው በቸርኬው ላይ ይንሸራተትና የከመነዳሪውን ቫልቭ ይነቅለዋል። በጎማውና በቸርኬው ላይ አንድ ላይ የሚያልፍ የኖራ መስመር አስምር፤ መስመሩ ከተለያየ ጎማው ዞሯል፣ አየር ጨምር።

ደምቢያ ላይ ያለው ዋልካ ነው፤ ይህን የማያውቅ ሰው በጉልበት ሊያልፈው ይሞክራል። ዋልካ ሲርስ ያብጣል፣ ጎማው ላይ እንደ ሊጥ ይጠመጠማል፣ ጥርሱን ሞልቶ ጎማውን ለስላሳ ያደርገዋል፣ ከዚያ የጭቃ መከላከያው ውስጥ ታጭቆ ጎማው እንዳይዞር ይይዘዋል። እንደ አሸዋማ ጭቃ ሥሩ ጠንካራ መሬት ስለሌለው ቀጭን ጎማ ቆርጦ ይወርዳል የሚባለውም እዚህ አይሠራም፤ እየወረደ ይሄዳል። የሚረዳው ጥርሱ የተራራቀ የጭቃ ጎማ፣ ለኋላ ሁለት ጎማ ሰንሰለት፣ ረጅም አካፋና የክሪክ ሥር የሚሆን 40 በ40 የሆነ ወፍራም ጣውላ ነው። ሰንሰለቱን ማጡ ጋ ከመድረስህ በፊት እሰረው፤ ከተቀበርክ በኋላ አትችልም። ከባድ ዝናብ ከጣለ ደግሞ አንድ ቀን ፀሐይ መጠበቅ ከማንኛውም ዕቃ ይሻላል። የጭቃ መከላከያውን የውስጥ ላሜራ ጠርዝ ማስቆረጥ ጭቃው እንዲወድቅ ይረዳል።

መጎተቻም አስብ። ከሻንሲው ጋር በሁለት ወፍራም ቡሎን የታሰረ መንጠቆ ከፊትም ከኋላም ይኑርህ። የተጎታች ኳስ ላይ ገመድ አትሰር፤ ከተበጠሰ እንደ ጥይት ነው የሚሄደው።

የአዘዞ ተጓዥ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሀርድቶፑን ሳይታጠብ አየሁት። ሻንሲው በገመድ ሲለካ ልዩነቱ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፣ ስንጥቅ የለም፣ የዘይት ክዳኑም አልዘለለም። ወደ እሱ አዘንብያለሁ። ያ የፊት ጎማው ጀርባ ያለው ዝቃጭ ግን ምንድን ነው? ለመግዛት እንቅፋት ነው? ከገዛሁትስ ሥራው በምን ይጀመር?

ባለባሌስትራ

ልኬቱ ጥሩ ነው፤ ግዛው። ዝቃጩን ግን ዋጋ መቀነሻ አድርገው።

ከፊት ጎማ ጀርባ የምታያት ትልቅ የብረት ኳስ ውስጥ ሲቪ ጆይንቱ አለ። ኳሷ ውስጥ መኖር ያለበት ግሪስ ብቻ ነው። የውስጠኛው ኦይል ሲል (ዘይቱ እንዳያልፍ የሚያግደው ማሸጊያ) ሲያልቅ የዲፈረንሻሉ ዘይት ወደ ኳሷ ይገባና ግሪሱን አቅጥኖ ያወጣዋል፤ ጥቁሩ ዝቃጭ እሱ ነው። ጣትህን ነክተህ አሽትተው፤ የዲፈረንሻል ዘይት የድኝ ሽታ ካለው ጥርጥር የለም። ከዚያ ሰፊ ቦታ ላይ ፎር ዊሉን አስገብተህ፣ የጎማ መቆለፊያዎቹን ቆልፈህ፣ መሪውን እስከ መጨረሻው አዙረህ ቀስ ብለህ ንዳው። ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ከመጣ ሲቪ ጆይንቱም አልቋል። ካልመጣ ሥራው የኦይል ሲልና የግሪስ ብቻ ነው።

ስታሠራው ሁለቱንም ጎን አሠራ። የሚያስፈልገው፦ የሁለቱም ጎን የኦይል ሲል ስብስብ፣ አራት የኳስ ኩሽኔታ፣ 1.5 ኪሎ ሞሊብዲነም ያለው ግሪስ፣ 3 ሊትር ገደማ የዲፈረንሻል ዘይት፣ 54 ሚሊ ሜትር ቡሶላ (የዳዶ መፍቻ)። ቡሶላው ከሌለ ዳዶውን በስካርፔሎ እየመቱ ይፈቱታል፤ ጥርሱ ይበላሻል፣ ኩሽኔታውም በልኩ አይጠብቅም። ሲፈታ ከላይና ከታች የሚወጡትን ቀጫጭን ማስተካከያ ላሜራዎች ከየት እንደወጡ ምልክት አድርገህ አስቀምጥ፤ ከተቀያየሩ አክስሉ መሃል ይስታል። ሁሉም በናፍጣ ታጥቦ ይድረቅ። የኳሷ ፊት የዛገበት ካለ በቀጭን ሸራ ወረቀት ይለስልስ፤ አለዚያ አዲሱን ሲል በሳምንት ይቀደዋል። ኳሷ ውስጥ ግሪሱ ሦስት አራተኛ ድረስ ይሞላ፣ ጢም ብሎ አይደለም። የመሪውን ክንድ የሚይዙት ዳዶዎች በ96 ኒውተን ሜትር ይጥበቁ፤ እነዚህ ላልተው ቡሎኑ ከተቆረጠ ጎማው ከመሪው ይለያል። ከ500 ኪ.ሜ. በኋላ ድጋሚ ይፈተሹ።

ሥራው በምን ይጀመር ላልከው፦ መጀመሪያ ፍሬን። ሸራውን፣ የጎማ ቱቦዎቹን፣ የፍሬን ዘይቱንም ሙሉ በሙሉ ቀይር። የፍሬን ዘይት እያደር እርጥበት ይስባል፤ እርጥብ ዘይት ሊማሊሞ ቁልቁለት ላይ ሲግል ይፈላና ፔዳሉ ባዶ ይገባል። ስትወርድም በ2ኛ ወይም በ3ኛ ማርሽ፣ ሞተሩ ይዞት፤ ፍሬኑን ረግጠህ ልቀቅ፣ ተጭነህ አትቆይ። ቀጥሎ ክዳኑ፣ ቴርሞስታቱ፣ የራዲያተር ቱቦዎቹ፣ ታይሚንግ ችንጋው። ከዚያ የአክስል መተንፈሻ።

መተንፈሻው ርካሽ ነው፤ ብዙ ሰው ይረሳዋል። የጋለ ዲፈረንሻል ወንዝ ሲገባ ውስጡ ያለው አየር ይቀዘቅዝና ይኮማተራል፣ ውሃውን በኦይል ሲሉ በኩል ይስባል። በነጋታው ዘይቱ ወተት የገባበት ቡና ይመስላል። አክስሉ ላይ ያለችውን ትንሽ መተንፈሻ ፍታና 8 ሚሊ ሜትር የናፍጣ ቱቦ የሚይዝ ጫፍ ግጠምባት። ቱቦውን ከፍሬን ቱቦው ጎን ለጎን፣ አክስሉ ሲወርድ እንዳይወጠር ላላ አድርገህ፣ ሞተር ክፍሉ ውስጥ እስከ ላይ አውጣው። ጫፉ ላይ ትንሽ የናፍጣ ፊልትሮ ሰክተህ ወደ ታች አዙረው። ለሁለቱ አክስል፣ ለካምቢዮውና ለትራንስፈሩ (ለፎር ዊሉ የማርሽ ሳጥን) በድምሩ አራት ቱቦ፣ ወደ 10 ሜትር ይበቃል።

ገጠር በጀሪካን የሚሸጥ ናፍጣ ብዙ ጊዜ ውሃ አለው። ውሃ መለያ ያለው ፊልትሮ ግጠም፣ ከሥሩ ያለችውንም መቅጃ በየሳምንቱ ክፈታት። የሰሜን ተራሮች ፓርክ ውስጥ ስትሄድ ከመንገዱ አትውጣ፤ አይፈቀድም፣ ዋልያዎቹ የሚግጡት ሣርም ጎማ ከሄደበት በኋላ ለመመለስ ዓመታት ይፈጅበታል። 5 ሳ.ሜ. ማስነሳቱንና ጎማውን ይህ ሁሉ አልቆ 1,000 ኪ.ሜ. ከነዳኸው በኋላ አድርገው፤ ያኔ የትኛው ባሌስትራ እንደደከመ መኪናው ራሱ ያሳይሃል።